ሥራ የፈታ ኮንቨርተር ምን ያህል ይበላል? ስለ ቀላል ጭነትና ያልተቋረጠ ፍሰት

ስለ ቮልቴጅ ቀናሽ ኮንቨርተር በሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን የሚስበው ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ነው፤ በሙሉ ጭነት የተለካው ብቃት። ቁጥሩ 90 ከመቶን ካለፈ ፈታኙም ተፈታኙም ይረካሉ፤ ውይይቱም ወደሚቀጥለው ሠንጠረዥ ያልፋል። ኮንቨርተሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሚሠራበት ቦታ ከቀኑ ስንቱን ሰዓት ሙሉ ጭነት ይሸከማል የሚለው ጥያቄ ግን ሳይነሣ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ጭነቱ ሲቀልል የኢንዳክተሩ ጅረት ሳይቋረጥ እንዲፈስ ማድረግ ጥቅምም ዋጋም ያለው የንድፍ ውሳኔ ነው። ስለሆነም ነዳፊው ውሳኔውን አውቆ ሊወስነው፣ ውጤቱንም ለክቶ ሊያቀርበው ይገባል።

ጅረቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ

የኮንቨርተሩ መሠረታዊ አሠራር የታወቀ ነው። የላይኛው ትራንዚስተር በሚያስተላልፍበት ጊዜ የመግቢያው ቮልቴጅ በኢንዳክተሩ በኩል ወደ መውጫው ይገፋል፤ የኢንዳክተሩም ጅረት እየጨመረ ይሄዳል። ትራንዚስተሩ ማስተላለፉን ሲያቆም ጅረቱ በታችኛው መንገድ እየዞረ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በመሆኑም የኢንዳክተሩ ጅረት በጭነቱ አማካይ ጅረት ዙሪያ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል፣ ይወርዳል። የዚህ መዋዠቅ ስፋት የሚወሰነው በመግቢያውና በመውጫው ቮልቴጅ፣ በኢንዳክተሩ መጠንና በፍሪኩዌንሲው ነው። ጅረቱ እስካልተቋረጠ ድረስ ጭነቱ በስፋቱ ላይ ምንም ድርሻ የለውም።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ከ12 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚቀንስ፣ 10 ማይክሮሄንሪ ኢንዳክተር ያለው፣ በ500 ኪሎኸርትዝ የሚሠራና እስከ 3 አምፔር እንዲሸከም የተሠራ ኮንቨርተር ይወሰድ። የላይኛው ትራንዚስተር ከእያንዳንዱ ዑደት 42 ከመቶ ለሚሆነው ጊዜ ያስተላልፋል፤ የጅረቱ መዋዠቅም ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.58 አምፔር ገደማ ይሆናል። ጭነቱ የዚህን ግማሽ፣ ማለትም 0.29 አምፔርን፣ እስካለፈ ድረስ የጅረቱ ዝቅተኛ ጫፍ ከዜሮ በላይ ነው። ጭነቱ ከዚያ ሲያንስ ግን ኮንቨርተሩ መንታ መንገድ ላይ ይደርሳል።

በታችኛው መንገድ ያለው ዳዮድ ከሆነ፣ ዳዮዱ ጅረቱን ወደ ኋላ ስለማያሳልፍ ጅረቱ ዜሮ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል፤ እስከሚቀጥለው ዑደትም ዜሮ ላይ ይቆያል። በዳዮዱ ፈንታ ሁለተኛ ትራንዚስተር የገባ እንደሆነ ግን ትራንዚስተሩ ለሁለቱም አቅጣጫ እኩል ክፍት ነው። መቆጣጠሪያው ካላቋረጠው ጅረቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ከመውጫው ካፓሲተር ወደ ኋላ መፍሰስ ይጀምራል። በተወሰደው ምሳሌ ጭነቱ 20 ሚሊአምፔር ብቻ ቢሆን፣ የኢንዳክተሩ ጅረት በየዑደቱ ወደ 0.31 አምፔር ይወጣና ከዜሮ በታች ወደ 0.27 አምፔር ይወርዳል። ጭነቱ የሚፈልገው የሁለቱን አማካይ ብቻ ሲሆን የቀረው በመግቢያና በመውጫ መካከል ሲመላለስ ይውላል። ሁኔታው ተሳፋሪ ሳይኖር ሞተሩን ሳያጠፋ ተራ የሚጠብቅ ሚኒባስን ይመስላል፤ ለመነሣት ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ ነዳጁ ግን ይቃጠላል።

ብክነቱ ከወዴት ይመጣል?

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግምት መታረም አለበት። በቀላል ጭነት ብቃት የሚወርደው ያለ ሥራ የሚመላለሰው ጅረት ትራንዚስተሩንና ኢንዳክተሩን ስለሚያሞቅ ነው ይባላል። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። የመዋዠቁ ስፋት በራሱ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 0.028 ገደማ ይሆናል። በመንገዱ ያለው ጠቅላላ ተቃውሞ 50 ሚሊኦም ቢሆን፣ በዚህ ጅረት የሚባክነው ኃይል 1.4 ሚሊዋት ብቻ ነው።

ዋናው ተጠያቂ ያለው ከትራንዚስተሮቹ ጌት ላይ ነው። ጌቶቹ በእያንዳንዱ ዑደት መሞላትና መፍሰስ አለባቸው። ሁለቱም ትራንዚስተሮች በአንድ ላይ በየዑደቱ 20 ናኖኩሎምብ የሚፈልጉ ቢሆን፣ ይህ በ500 ኪሎኸርትዝ ሲባዛ 10 ሚሊአምፔር ይሆናል። መቆጣጠሪያው ይህን ጅረት በውስጡ ባለ ሊኒየር ሬጉሌተር ከ12 ቮልቱ መግቢያ የሚስበው ከሆነ፣ ብክነቱ 0.12 ዋት ነው። በዚህ ላይ የኢንዳክተሩ ማዕከል በመግነጢሳዊ መዋዠቅ የሚያባክነው አለ፤ እሱም ቢሆን ከጭነቱ ጋር አይቀንስም።

0.12 ዋት በሙሉ ጭነት ከሚወጣው 15 ዋት ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ በሠንጠረዡ ላይም አይታይም። ጭነቱ 20 ሚሊአምፔር ሲሆን ግን ወደ መውጫው የሚደርሰው ኃይል 0.1 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ጌቶቹን ለማንቀሳቀስ የሚወጣው ኃይል ለሥራው ከሚደርሰው ይበልጣል፤ የማዕከሉ ብክነት ሳይቆጠር እንኳ ብቃቱ ወደ 45 ከመቶ ይወርዳል። ኮንቨርተሩ አልተበላሸም፤ ክፍሎቹም ያው ናቸው። የተለወጠው ጭነቱ ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት በመስክ ላይ ምን ያስከትላል? በደጋማ አካባቢ፣ ከኃይል መሥመር ርቆ፣ በፀሐይ ኃይልና በባትሪ የሚሠራ የዝናብና የወንዝ ከፍታ መዝጋቢ መሣሪያ ይታሰብ። መሣሪያው በየሰዓቱ ለአንድ ደቂቃ ነቅቶ በ1 አምፔር መረጃ ይልካል፤ በቀረው ጊዜ 20 ሚሊአምፔር እየወሰደ ያንቀላፋል። በቀን ውስጥ ነቅቶ የሚቆየው 24 ደቂቃ ሲሆን ለዚህ 2 ዋት-ሰዓት ይወስዳል። የቀረው 23 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ደግሞ 2.36 ዋት-ሰዓት ይጠይቃል። ድምሩ 4.36 ዋት-ሰዓት ነው። የኮንቨርተሩ ብቃት በ3 አምፔር ተለክቶ 94 ከመቶ ሆኗል ቢባልና ነዳፊው ይህንኑ ቁጥር ለቀኑ ሙሉ ቢጠቀም፣ ከባትሪው በቀን 4.64 ዋት-ሰዓት ይወጣል ብሎ ያሰላል። ጌቶቹ ግን ቀንና ሌሊት 0.12 ዋት ስለሚወስዱ በ24 ሰዓት 2.88 ዋት-ሰዓት ይበላሉ። እውነተኛው ወጪ፣ ሌላው ብክነት ሁሉ ሳይደመር፣ 7.24 ዋት-ሰዓት ነው።

በዚህ ስሌት አምስት ቀን ያለ ፀሐይ እንዲያሠራ የታሰበው ባትሪ ከሦስት ቀን ብዙም አያልፍም። ለክረምት የተተከለ መሣሪያ ደግሞ በተከታታይ የሚደምንባቸው ቀናት መረጃው አብዝቶ የሚፈለግባቸው ቀናት ናቸው። መሣሪያው በአራተኛው ቀን ዝም ቢል ጥፋቱ በባትሪው ወይም በፀሐይ ፓነሉ ላይ መላከኩ አይቀርም። ስሕተቱ ግን መሣሪያው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ በማይደርስበት በ3 አምፔር ላይ ብቃትን ለክቶ፣ ያንኑ ቁጥር ለሚያንቀላፋበት ሰዓት መዋስ ነው።

ያልተቋረጠ ፍሰት ጠበቃ አያጣም

ከዚህ ተነሥቶ በቀላል ጭነት ያልተቋረጠ ፍሰትን ጨርሶ ማውገዝ ቀላል ይመስላል። ይህም ሌላ ስሕተት ይሆናል፤ ስልቱ የሚሰጣቸው ጥቅሞች በርካታ ናቸውና።

የመጀመሪያው የፍሪኩዌንሲ ጽናት ነው። ጅረቱ ሳይቋረጥ ሲፈስ ኮንቨርተሩ ጭነቱ ቢከብድም ቢቀልልም በዚያው በ500 ኪሎኸርትዝ ይሠራል፤ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ጫጫታም በታወቀ ቦታ ላይ ስለሚቀመጥ ማጣሪያ ሊሠራለት ይችላል። ሌላው አማራጭ፣ ማለትም ጭነቱ ሲቀልል ዑደቶችን መዝለል፣ ብክነቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ነገር ግን የሚዘለሉት ዑደቶች ቁጥር ከጭነቱ ጋር ስለሚለዋወጥ ጫጫታው በሰፊ ክልል ይበተናል፤ የመውጫው ቮልቴጅ መዋዠቅም ይጨምራል። ድግግሞሹ ከ20 ኪሎኸርትዝ በታች የወረደ እንደሆነ ኢንዳክተሩና የሴራሚክ ካፓሲተሮቹ በጆሮ የሚሰማ ሲሲታ ሊያሰሙ ይችላሉ። ጥቃቅን ቮልቴጅ ለሚለካ ወይም ሬዲዮ ለሚያዳምጥ መሣሪያ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው የቁጥጥር ጽናት ነው። ፍሰቱ ባልተቋረጠበት ሁኔታ የማስተላለፊያው ጊዜ ድርሻ በመሠረቱ በሁለቱ ቮልቴጆች ንጽጽር ብቻ ይወሰናል። ፍሰቱ ሲቋረጥ ግን ጭነቱም ይገባበታል። በምሳሌው ኮንቨርተር 42 ከመቶ የነበረው ድርሻ በ20 ሚሊአምፔር ወደ 11 ከመቶ ገደማ ይወርዳል። በ2 ሚሊአምፔር ደግሞ የላይኛው ትራንዚስተር የሚያስተላልፍበት ጊዜ ወደ 70 ናኖሰከንድ ያጥራል፤ ብዙ መቆጣጠሪያዎች ይህን ያህል አጭር ጊዜ ማዘዝ ስለማይችሉ ወደዱም ጠሉም ዑደት ወደ መዝለል ይገባሉ። የሥርዓቱ ባሕርይም አብሮ ይለወጣል። ባልተቋረጠ ፍሰት ኢንዳክተሩና ካፓሲተሩ አንድ ላይ የሚፈጥሩት የሁለተኛ ደረጃ ባሕርይ፣ ፍሰቱ ሲቋረጥ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ አካባቢ እንደ አንደኛ ደረጃ ሥርዓት ይሆናል። ለአንዱ የተስተካከለ መቆጣጠሪያ በሌላው ላይ ቢጸና እንኳ ምላሹ ይዘገያል።

ሦስተኛው ጭነት በድንገት ሲወርድ የሚታየው ነው። ጭነቱ ከ1 አምፔር ወደ 20 ሚሊአምፔር ቢወድቅ፣ በኢንዳክተሩ ውስጥ የቀረው ኃይል የመውጫውን ቮልቴጅ ከፍ ያደርገዋል። ፍሰቱ የሚቋረጥ ከሆነ ትርፉን የሚያወርደው ጭነቱ ራሱ ብቻ ነው። ካፓሲተሩ 100 ማይክሮፋራድ ቢሆንና ቮልቴጁ በ0.1 ቮልት ቢያልፍ፣ በ20 ሚሊአምፔር ወደ ቦታው ለመመለስ ግማሽ ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 250 ዑደት፣ ይፈጅበታል። ጅረቱ ወደ ኋላ መፍሰስ የሚችል ከሆነ ግን ኮንቨርተሩ ትርፉን እጅግ ባጠረ ጊዜ ወደ መግቢያው ይመልሰዋል። በተጨማሪም ከዜሮ በታች የወረደው ጅረት ሁለቱም ትራንዚስተሮች በማያስተላልፉባት አጭር ቅጽበት መገናኛ ነጥቡን ወደ መግቢያው ቮልቴጅ ያነሣዋል፤ የላይኛው ትራንዚስተር ማስተላለፍ የሚጀምረውም ብዙ ቮልቴጅ ሳይሸከም ስለሚሆን የዚያች ቅጽበት ብክነት ይቀንሳል።

ወደ ኋላ የሚመለስ ኃይል

ከጥቅሙና ከብክነቱ ሌላ የደኅንነት ጉዳይ አለ። ወደ ኋላ የሚፈስ ጅረት ያለው ቮልቴጅ ቀናሽ ኮንቨርተር፣ ከመውጫው ቢታይ ቮልቴጅ ጨማሪ ኮንቨርተር ነው። በመውጫው ላይ ካፓሲተር ብቻ ሲኖር የሚመለሰው ኃይል ጥቂት ነው። ባትሪ ሲኖር ግን ሁኔታው ይለወጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ የፓነሉ ኃይል ይቋረጣል፤ ባትሪ የሚሞላው ኮንቨርተር በግድ ያልተቋረጠ ፍሰት እንዲይዝ ከተደረገ፣ ቀን የተጠራቀመውን ኃይል ማታ ወደ መግቢያው መግፋት ይጀምራል። መግቢያው ላይ ኃይሉን የሚቀበል ነገር ከሌለ የመግቢያው ካፓሲተር ቮልቴጅ ትራንዚስተሮቹ ከሚችሉት በላይ ሊወጣ ይችላል።

ተመሳሳይ አደጋ መውጫው አስቀድሞ ቮልቴጅ ይዞ ሳለ ኮንቨርተሩ ሲነሣም ይደርሳል። መቆጣጠሪያው የመውጫውን ዒላማ ከዜሮ እያሳደገ ሲሄድ፣ የታችኛው ትራንዚስተር የተገኘውን ቮልቴጅ ወደዚያ ዝቅተኛ ዒላማ ለማውረድ ከፍተኛ የኋልዮሽ ጅረት ሊስብ ይችላል። መከላከያዎቹ የታወቁ ናቸው፦ በመነሻ ጊዜ የታችኛውን ትራንዚስተር እንደ ዳዮድ ማሠራት፣ ለኋልዮሽ ጅረት ገደብ ማበጀት፣ ባትሪ በሚሞላበት ጊዜም ጅረቱ ዜሮ ላይ እንዲቋረጥ ማድረግ። ባትሪ ባለበት ቦታ ጅረቱን ማቋረጥ የቁጠባ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ይሆናል።

መለኪያውን ስለ ማስተካከል

የንድፈ ሐሳቡ ዓለም ለሁለቱ የአሠራር ሁኔታዎች አድልዎ አላደረገም። ሚድልብሩክና ቹክ ያልተቋረጠውን ፍሰት የሚገልጸውን የአማካይ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1976 ካቀረቡ በኋላ፣ በማግስቱ ዓመት የተቋረጠውን ፍሰት በተመለከተ ሌላ ጥናት አቅርበዋል። ቮርፔሪያንም እ.ኤ.አ. በ1990 የስዊች ሞዴሉን ያሳተመው በሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ላልተቋረጠው፣ ሌላው ለተቋረጠው። የትምህርት ጊዜ ሲያጥር የሚዘለለው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ክፍተቱም በኋላ በመመረቂያ ጽሑፉ ሠንጠረዥ ላይ ይታያል።

በሌሎች ዘርፎች መለኪያው ከተስተካከለ ቆይቷል። የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተሮች የአውሮፓ ሚዛናዊ ብቃት ሲሰላ ሙሉ ጭነት የሚይዘው ክብደት 20 ከመቶ ሲሆን፣ ግማሽ ጭነት 48 ከመቶ ይይዛል፤ 5 ከመቶ የሚሆን ጭነት እንኳ የራሱ ድርሻ አለው። በካሊፎርኒያው ስሌት የሙሉ ጭነት ክብደት 5 ከመቶ ብቻ ነው። 80 ፕላስ የተባለው የኮምፒውተር ኃይል አቅራቢዎች ምዘና በ20፣ በ50 እና በ100 ከመቶ ጭነት ሲለካ፣ የታይታኒየም ደረጃ 10 ከመቶን ይጨምራል። የእነዚህ ምዘናዎች የጋራ ሐሳብ አንድ ነው፤ ዕቃ የሚመዘነው ዕድሜውን በሚያሳልፍበት ሁኔታ ነው።

በዚህ አቋም ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፣ የዛሬ መቆጣጠሪያ ቺፖች የአሠራር ሁኔታቸውን በራሳቸው ስለሚቀይሩ ጉዳዩ አልፎበታል የሚል ነው። ቺፖቹ ይህን ማድረግ መቻላቸው እውነት ነው። ሆኖም ከአንድ ቤተሰብ ከሆኑ ቺፖች አንዱ ዑደት የሚዘልል፣ ሌላው ሁልጊዜ ፍሰቱን የማያቋርጥ ሆኖ ሊሸጥ ይችላል፤ አንዳንዶቹም ምርጫውን በአንዲት እግር ላይ በሚሰጥ ቮልቴጅ ለነዳፊው ይተዉለታል። ጅረቱ ዜሮ የሚነካበትን የጭነት መጠን የሚወስነውም ነዳፊው የመረጠው ኢንዳክተር ነው። ስለዚህ ያላወቀ ሰውም ይወስናል፤ ልዩነቱ መወሰኑን አለማወቁ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመሣሪያ እጥረት ነው። በእርግጥ የኢንዳክተርን ጅረት በዝርዝር ለማየት የጅረት ፕሮብና ጥሩ ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል። ብቃትን በቀላል ጭነት ለመለካት ግን አራት መልቲሜትሮችና ጥቂት ሬዚስተሮች ይበቃሉ፤ ለ20 ሚሊአምፔር በ5 ቮልት 250 ኦም ሬዚስተር ነው የሚያስፈልገው። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ቮልቴጅ የሚለኩት ሁለቱ ሜትሮች ራሳቸው በኮንቨርተሩ መግቢያና መውጫ ላይ በቀጥታ እንዲያርፉ፣ በጅረት መለኪያዎቹ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅም ከስሌቱ ውጭ እንዲሆን ማድረግ ነው። አንድ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው።

ስለሆነም ከእያንዳንዱ የኮንቨርተር ጥናት ሦስት ነገሮች ቢጠበቁ ተገቢ ነው። ቀዳሚው፣ መሣሪያው በቀን ውስጥ በየትኛው ጭነት ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። ቀጣዩ፣ ከሙሉ ጭነት እስከ አንድ መቶኛው ድረስ የተለካ ብቃትና ፍሰቱ የሚቋረጥበት ወይም አቅጣጫ የሚቀይርበት ነጥብ ነው። የመጨረሻው፣ ከሁለቱ ስልቶች የተመረጠው የትኛው እንደሆነና ስለ ምን እንደተመረጠ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ነው።

እነዚህ ሦስቱ ቢሟሉ ከላይ የታሰበው መዝጋቢ መሣሪያ መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የጌቶቹን ጅረት ከ12 ቮልቱ ፈንታ ከኮንቨርተሩ ከራሱ 5 ቮልት እንዲወስዱ ማድረግ፣ ቺፑ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ብክነቱን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። የተሻለው ግን መቼ እንደሚነቃ የሚያውቀው የመሣሪያው ማይክሮኮንትሮለር ይህን ለኮንቨርተሩ እንዲነግረው ማድረግ ነው፤ ሲለካና ሲልክ ፍሰቱ ሳይቋረጥ፣ ሲያንቀላፋ ዑደቶች እየተዘለሉ እንዲሠራ። በእንቅልፍ ሰዓት ከአሥር ዑደት አንዱ ብቻ ቢቀር፣ የጌቶቹ የቀን ወጪ ከ2.88 ወደ 0.33 ዋት-ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው በሰሌዳው ላይ አንዲት መሥመርና ጥቂት የፕሮግራም ትእዛዝ ነው። ባትሪው ሳይተልቅ፣ ፓነሉም ሳይሰፋ፣ መሣሪያው በአምስተኛው የደመና ቀን የወንዙን ከፍታ መላኩን ይቀጥላል።